በሩ ለዝነኛ ሲከፈት

በዚህ ወር ስለ ልጆች የቁርኣን አቀራር የጀመርነውን ጨዋታ እንቀጥላለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ዳሩ ግን በመካከሉ ከቤታችን አንድ ነገር ገባ። እሱን ሳናወጋችሁ ሌላ ብንጽፍ ብዕሩም እሺ የሚለን አልመሰለንም። ስለዚህ ለዛሬ ይቅር በሉንና የራሳችንን ጉዳይ እንንገራችሁ።

እናታችን የምትኖረው ጊንጪ ነው። በገበያ ቀን በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ አንዲት ላም አለቻት፤ አዛን ሲሰማ ሚዛኗን በጨርቅ ሸፍና የምትነሣ ሴት ናት። ከአዲስ አበባ ወዲያ የምታውቀው አገር የለም። ታላቅ እህታችን ደግሞ ከአውሮፓ አገሮች በአንዱ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን ኖራ አላህ ሰጣት። ምጡ ስለጠናባት በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው። በሰው አገር ወልዶ ብቻውን የተኛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ገንፎ የሚያገነፋ የለም፣ እልል የሚል የለም፣ ሕፃኑን ተቀብሎ "አንቺ ትንሽ ተኚ እስኪ" የሚል የለም። እናታችንም ሄጄ ልረሳት ብላ ተነሣች። ለሦስት ወር ብቻ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወረቀት የሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። የጥሪ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ ዝርዝር፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የአባታችን የሞት ማስረጃ፣ የቤቷ ካርታ፤ ሁሉም ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት። ስለ ላሚቱ ማስረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ላሚቱ ሳትመዘገብ ቀረች። በኋላ ስናስበው ዋናዋ ማስረጃ እሷ ነበረች። ለማመልከቻው 90 ዩሮ ተከፈለ፤ ቢፈቀድም ቢከለከልም አይመለስም። ጊዜው ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነበር። በዚያ ውሳኔ መሠረት ቀድሞ በ15 ቀን ይሰጥ የነበረው መልስ ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ተመላልሶ መግቢያ ቪዛ መስጠትም ቀረ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ ለመረከብ በሚገባ አልተባበረም የሚል ነው። መንግሥታት ባልተስማሙበት ጉዳይ ጊንጪ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ምን አገባት? እንጃ። ብቻ 45ቱን ቀን ቆጠረች።

መልሱ የመጣው በአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምክንያቶች ተደርድረው ሁለቱ ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። እኛ እያነበብን ተረጎምንላት። ጊዜዎ ሲያልቅ ከአገሩ ለመውጣት ያለዎት ፈቃደኝነት ሊረጋገጥ አልቻለም ይላል።

"አልመለስም ብያለሁ እንዴ?" አለች።

"አላልሽም። ትቀሪ ይሆናል ብለው ጠርጥረው ነው።"

ጥቂት ዝም አለችና "ላሚቱንስ ለማን ጥዬ?" ብላ ጠየቀችን። እኛን ጠየቀችን እንጂ መልሱን ሊሰማ የሚገባው እዚያ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ማታ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ የታወቀ ዘፋኝ የሙዚቃ ጓዶቹን ይዞ ለበዓል ዝግጅት ወደዚያው አገር፣ እህታችን ወደ ወለደችበት አገር፣ መጓዙ ተነገረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድማችን ከመጽሐፉ ቀና ብሎ "እማዬ፣ ዘፋኝ ብትሆኚ ኖሮ ይህን ጊዜ ደርሰሽ ነበር" አላት። ለቀልድ ነበር ያለው። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ልጅ ለሱብሒ ሳይቀሰቀስ የሚነሣ፣ በሒሳብ ትምህርት ከክፍሉ የሚመሰገን ልጅ ነው። ከዚያ ማታ በኋላ ግን ደብተሩ ተዘጋ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር በሰው ጫማ ሩጫ ይወጣል፤ ማታ ማታ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ራሱን ይቀርጻል። ገሠጽነው፤ መከርነው። አንድ ቀን ዞር ብሎ "እናንተ ተማር፣ ተማር ትሉኛላችሁ። እናንተ ተምራችሁ የለም? እማዬን አስገቧት እስኪ!" አለን። እውነት እንነጋገር ከተባለ ለዚህ መልስ አልነበረንም። ቀጥሎም "ፈይሳ ሌሊሳን ማን ከለከለው? ወይ እሮጣለሁ፣ ወይ ሰው ያውቀኛል፤ ሁለቱም ካልሆነ በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ" አለ። የመጨረሻይቱን ነገር የተናገረው እንደ ዋዛ ነው፤ እኛ ግን እንቅልፍ ያጣነው በእርሷ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ወንድማችን የሚያወራለት መንገድ ይኸው ነው።

ልጁ ባነሣው ስም እንጀምር። ፈይሳ ሌሊሳ የእኛው የምዕራብ ሸዋ ሰው ነው፤ የጀልዱ ወረዳ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ የቶኪዮን ማራቶን አሸነፈ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ከኬንያዊው ኢሉድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ በተቀሰቀሰውና አገር ባዳረሰው ተቃውሞ ወጣቱ ሁሉ ያሳይ የነበረው ምልክት ነው። ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሰራለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረና እዚያው ሪዮ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አሜሪካ ገባ። ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በተፈቀደው መንገድ የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጠው። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹም የካቲት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ማያሚ አየር ማረፊያ ላይ ተቀላቀሉት። ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጊዜው ሲለወጥ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በክብርም ተቀበሉት።

እኛ በዚህ ሰው ላይ የምንናገረው ክፉ ነገር የለንም። እጁን ያጣመረው እንጀራውን አስይዞ ነው፤ ያገኘውም መጠለያ ይገባዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ያንኑ ምልክት ጊንጪና አምቦ አስፋልት ላይ ያሳዩት፣ ሜዳሊያ ያልነበራቸው ልጆችስ? ከአገር ወጥተው ናይሮቢና ካይሮ የደረሱት በስደተኞች ኮሚሽን ደጃፍ ወረቀት ይዘው ዓመታት ጠበቁ። የሸሹት ነገር አንድ፣ ፍርሃታቸው አንድ። ልዩነቱ ካሜራው ነው።

ይህ የአንድ ባለሥልጣን ደግነት ወይም ክፋት እንዳይመስላችሁ። በሕግ የተጻፈ ነገር ነው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የነበሩት አባትየው ጆርጅ ቡሽ ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። እኛ "ዲቪ" የምንለው ሎተሪ የተወለደው ከዚህ ሕግ ነው። "ኦ" እና "ፒ" የሚባሉት ለታወቁ አርቲስቶችና ስፖርተኞች የሚሰጡ ቪዛዎች የተወለዱትም ከዚሁ ሕግ ነው። "ልዩ ችሎታ" ላለው ሰው ቀጣሪ እንኳ ሳይኖረው ቋሚ መኖሪያ የሚያሰጠው መንገድም እንዲሁ። አንድ እናት ሁለት ልጅ ወለደች፤ አንዱን ዕድለኛ አለችው፣ አንዱን ዝነኛ።

ልዩ ችሎታ በምን ይታወቃል? ደንቡ አሥር ዓይነት ማስረጃ ይዘረዝራል፤ ከአሥሩ ሦስቱን ያሟላ ሰው ጉዳዩ ይታይለታል። በመካከላቸው የታወቀ ሽልማት፣ ከሌላው የበለጠ ደመወዝ፣ ከዝግጅት ወይም ከካሴት ሽያጭ የተገኘ ገቢ፣ እንዲሁም ስለ ሰውየው በታላላቅ ጋዜጦችና መጽሔቶች የወጣ ጽሑፍ ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ ስለ አንተ መወራቱ ራሱ ማስረጃ ነው። (ይህ አምድ ስለ እናታችን መጻፉ ለማስረጃ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀን ነበር። መጽሔታችሁ ስንት ቅጂ ይታተማል ተባልን።) በእርግጥ በዚህ መንገድ የሚገቡ ሐኪሞችና ተመራማሪዎችም አሉ፤ ሁሉም ዘፋኝና ሯጭ አይደለም። ነገር ግን ሰባት ልጅ በበርበሬ ንግድ ማሳደግ በየትኛው ተራ ቁጥር እንደሚገባ ፈልገን አጣን።

የዕድለኛውን በር የምዕራብ ሸዋ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ ለዓለም ሁሉ ያድል የነበረው ያ ሎተሪ እ.ኤ.አ. ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ሲሠራ፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ፎቶ ቤቱ ይሞላ ነበር። በመጀመሪያ በፖስታ፣ ኋላም በኮምፒዩተር እየተሞላ ስንቱ ሰው ስንት ጥቅምት አሳለፈ! ትዳሩን ያዘገየ፣ ቤቱን ሳይሠራ የተወ፣ "ዲቪ ቢወጣልኝስ" እያለ ሥራውን በአንድ እግሩ የቆመበት ብዙ ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ሎተሪው እንዲታገድ መታዘዙን ሲናገሩ የተሰማው ዝምታ የለቅሶ ቤት ዝምታ ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለአገሪቱ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዶላር ለሚሰጥ ሰው መኖሪያ የሚያስገኝ "የወርቅ ካርድ" በትእዛዝ ተቋቁሟል። የቤተሰብ በር አለ፤ ብዙ ሰው የሚገባውም በእርሱ ነውና መካድ አንችልም። እርሱም ቢሆን ዓመታት የሚያስጠብቅ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የገረመን ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው። የአሥራ ሁለት አገር ሰዎች፣ ከጎረቤቶቻችን የሱዳን፣ የሶማሊያና የኤርትራ ሰዎች ጭምር፣ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱ የጸጥታ ሥጋት ነው ተባለ። ወረድ ብሎ ግን ለእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ፣ ለኦሎምፒክና ለታላላቅ ውድድሮች የሚመጡ ስፖርተኞች፣ አሠልጣኞቻቸውና የቅርብ ዘመዶቻቸው እገዳው አይመለከታቸውም ይላል። እንግዲህ ሥጋቱ ከኳስ ጋር አብሮ የሚጠፋ ሥጋት ነው ማለት ነው። ከካርቱም ጦርነት የሸሸች እናት ወደ ልጇ መሄድ አትችልም፤ አጥቂው ይችላል።

ለወንድማችን ይህን ሁሉ ስንነግረው "አያችሁ! እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው" አለ። በራሳችን ክር አሰረን። ስለዚህ ሌላውን ወገን አመጣንለት።

ዩሱፍ ኢስላም ከመስለሙ በፊት ካት ስቲቨንስ በሚል ስም ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሰለመ፤ ዝናውንም ትቶ በለንደን ለሙስሊም ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። መስከረም 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ዋሽንግተን ሲበር ስሙ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ ተብሎ፣ አውሮፕላኑ ሜይን በሚባለው ክፍለ ግዛት ባንጎር አየር ማረፊያ እንዲያርፍ ተደረገ፤ እርሱም ከሌላው ተሳፋሪ ተለይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሻህሩክ ኻንን ደግሞ በየቪዲዮ ቤቱ አምሽቶ ያላየው ወጣት ማን ነው? በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ኒውዋርክ አየር ማረፊያ በስሙ የተነሣ ለጥያቄ ተይዞ ቆየ። ሚሊዮኖች የሚያውቁትን ፊት ኮምፒዩተሩ አላወቀውም። በሩ ለዝነኛ የሚከፈተው በር ጠባቂው እስከወደደ ድረስ ነው። ዝና ውሰት ነው፤ አበዳሪው በፈለገው ቀን ይጠይቃል።

ስለ ነጃሺ በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ አናሰለቻችሁም። አንድ ነገር ብቻ። ሙስሊሞቹ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ተከትሏቸው የመጣው ዐምር ኢብኑል ዓስ በንጉሡ ዘንድ የታወቀ፣ ስጦታ ተሸክሞ የመጣ፣ ሹማምንቱን አስቀድሞ ያነጋገረ ሰው ነበር። የታወቀው እሱ ነበር። ንጉሡ ግን እነዚያን ሰዎች ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) እንዲናገር ዕድል ተሰጠው። የማይታወቅ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ መሰማት። እናታችንን ከመስኮቱ ወዲያ ያነጋገራት ሰው ስለ ላሚቱ አልጠየቃትም።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ልጁ ይህን ትምህርት የተማረው ከኤምባሲ መስኮት ብቻ ነው እንዴ?

አምቦና አካባቢዋ የታወቀ ሰው ማፍራት የሚያውቅ አገር ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚያው አጠገብ ቦዳ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ አምስት ዓመት ታስሯል፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል ያለቀሰለት ሕዝብ ለምን እንዳለቀሰ እናውቃለን፤ አንነቅፍምም። ለሕዝቡ ስለ ሆኑት ነገር መወደድ ሌላ፣ ስለ መታወቅ መወደድ ሌላ። እኛን ያሳፈረን ሁለተኛው ነው። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ፣ ቴሌቪዥን ላይ የታየ ሰው ሲመጣ አስፋልት ዳር ወጥተን እንጠብቃለን፤ ይህንኑ ወንድማችንን ትከሻችን ላይ አውጥተን አሳይተነዋል። ሰርግ ላይ የፊት ወንበር የማን ነው? መስጊዳችን ውስጥ ሳይቀር፣ ለግንባታው ዶላር የሚልክ ሰው ሲገባ ሰልፉ ይከፈትለታል።

በኅዳር 2006 ዓ.ም.ስ ምን አደረግን? ያን ጊዜ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእኛ ሰፈርም አንዲት ልጅ መጣች። ስትሄድ በሻንጣ ነበር፤ ስትመለስ በፌስታል። ማንም አስፋልት ዳር አልወጣላትም። እኛም ቤቷ የሄድነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ከአፋችን የወጣው "ምን ይዘሽ መጣሽ?" የሚል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ጠርጋ ወንድሞቿን እንዳስተማረች እናውቅ ነበር። "ራሴን" አለች። ያን ጊዜ ወንድማችን ትንሽ ልጅ ነበር፤ ከጎናችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት የማያውቅ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቅ ሰዎች ይሰልማሉ ብለው ሲያነጋግሩ፣ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ሊጠይቃቸው መጣ። ፊታቸውን ለጥቂት አኮሳተሩ። ዓይነ ስውር ነውና ያንን ፊት አላየውም፤ አላህ ግን ስለ እርሱ ቁርኣን አወረደ። ከዚያ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሰው እያከበሩ ይቀበሉት ነበር። እኛ ያቺን ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ ያየንበትን ፊት እርሷ አይታዋለች። ዓይነ ስውር አልነበረችም።

በመጨረሻ አንድ ማታ ከወንድማችን ጋር ስለ ኡወይስ አል-ቀረኒ ተጨዋወትን። የመን ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እያለ ሳያገኛቸው ቀረ። እናቱን የሚያገለግል ነበርና ትቷት አልሄደም ይላሉ ዑለማዎች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስለ እርሱ ለዑመር (ረ.ዐ) ነገሩት። ዑመር ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ ከየመን ሰው በመጣ ቁጥር "ኡወይስ የሚባል አለ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ያን ያህል ዓመት ተፈልጎ ቢገኝ፣ ሰው ልብ ያላለው ምስኪን ሰው ነው። ኸሊፋው ዱዓ እንዲያደርግላቸው ለመኑት። ወዴት ትሄዳለህ ቢሉት ኩፋ አለ። ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ልጻፍልህ ቢሉት፣ ከማይታወቁት ድሆች መካከል መሆን ይሻለኛል ብሎ እንቢ አለ።

ወንድማችን ፈገግ አለና "የዑመርን ደብዳቤ እንቢ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"እንቢ አለ።"

"እኔ ብሆን እቀበል ነበር" አለ። እውነቱን ነው፤ እኛም ብንሆን እንቀበል ነበር። ወረቀት ስንሰበስብ አንድ የታወቀ ሰው ስልክ እንዲደውልልን ስንት ደጅ እንደጠናን አልነገርናችሁም።

ቆየት ብሎ ግን "ለኸሊፋው ማን ነገራቸው? ማለት፣ ማንም ሳያውቀው..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኛም አልጨረስንለትም።

የእናታችን ነገር እንዴት ሆነ ትሉን ይሆናል። ይግባኝ ጽፈናል፤ መልሱ አልመጣም። ለአራሷ ያዘጋጀችው የገንፎ ዱቄት፣ አብሽና በርበሬ ግን ቀድሟት ገብቷል። ማን አደረሰው? ከዚያ ዘፋኝ ጋር ከሄዱት ሙዚቀኞች አንዱ፣ ከበሮ መቺው፣ የጊንጪ ጎረቤታችን የሚስት ወንድም ሆኖ ተገኘ። መንገዳቸውን ጥቂት ቀን ሲያዘገዩ ጎረቤታችን አገናኘን። ስለ ዘፋኞች ያን ሁሉ ክፉ ስናወራ ከርመን ዕቃ ይዘን በሩ ላይ መቆም አሳፈረን። ሰውየው ግን ምንም አልመሰለው። ቅቤውን ጉምሩክ አያሳልፈውም ብሎ መለሰው፤ ሌላውን ከልብሱ መካከል አድርጎ ጠቀለለው። እዚያ ደርሶም በሰው አልላከውም፤ በባቡር ሁለት ሰዓት ተጉዞ ራሱ አደረሰ። እህታችን እንደነገረችን ሕፃኑን አቅፎ ብዙ ተቀመጠ። የእርሱም እናት ባለፈው ዓመት ልትጠይቀው፣ ዝግጅቱንም ልታይ አመልክታ ተከልክላለች።

ማታ በስልክ ስንደውል እህታችን ገንፎውን እያሳየችን ነበር። እናታችን ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየችውና "ቀጥኗል፣ አላገነፋሽውም፤ ዱቄቱን ጨምሪ፣ እሳቱን ቀንሺ" እያለች ታዝዝ ጀመር። ስልኩን የያዘላት ወንድማችን ነው። ጠዋት ሩጫ አልቀረም። የሒሳብ ደብተሩ ግን ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ነበር።